ዘር፣ አፈርና መንጋፍ፦ የዕጣን ሙጫ ረጅም ታሪክ

ደማም ውስጥ፣ አል መዝሩዒያ ሰፈር፣ ሐበሻ ቡና ሲያፈላ ፍሙ ላይ ዕጣን ጣል ያደርጋል። የሳዑዲው ጎረቤቱ ደግሞ ለእንግዳ ዑድ ያጨሳል፤ ሉባን የሚለውን ሙጫም ያኝካል። ሉባኑም ዕጣኑም የአንድ ዛፍ ወገን ናቸው፤ የዕፅዋት ሊቃውንት ወገኑን ቦስዌሊያ ይሉታል። ሙጫው ዛፉ ሲቆስል የሚሰጠው መልስ ነው። ልጡ ሲፋቅ ቁስሉን ለመድፈንና ተባይ ለመከላከል ያፈሰዋል፤ አየር ሲያገኘው ይደርቃል፤ ሰው ይለቅመዋል።

ቁስሉ እኩል ቢሆንም ሙጫው ግን እኩል አይሆንም። አንዱ ዛፍ ነጭና ድብልብል ዕጣን ይሰጣል፤ አጠገቡ የቆመው ጥቂት ቢጫ ጠብታ አውጥቶ ይነጥፋል። የአንዱ አገር ሙጫ ሽታው ከሌላው አገር ይለያል። ምክንያቱ ዘሩ ነው? የበቀለበት አፈርና አየር ነው? ወይስ የቆረጠው እጅ? ይህ ጥያቄ ብዙ ሺህ ዓመታትን ያስቆጠረ ነው። ታሪኩን ከመጀመሪያው እንከተለው፤ ዓመታቱ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅን የገዛችው ሐትሼፕሱት መርከቦች ወደ ፑንት ላከች። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ፑንትን የሚያስቀምጧት ከግብፅ በስተደቡብ፣ ከዛሬዎቹ ሱዳን፣ ኤርትራና ኢትዮጵያ እስከ ሶማሊያ ባለው ምድር ነው። ንግሥቲቱ በዴር ኤል ባሕሪ ባሠራችው ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የጉዞው ታሪክ ተቀርጿል። መልእክተኞቹ ሙጫ በመግዛት ብቻ አልተመለሱም፤ 31 ሕያው ዛፎች ከነሥራቸው በቅርጫት አድርገው ወደ መርከብ አስገብተዋል። ዛፉ ግብፅ ላይ ከጸደቀ ሙጫ ፍለጋ ባሕር መሻገር ይቀራል የሚል ስሌት ይመስላል። ስሌቱ አልያዘም። ግብፅ የዕጣን ደን አላገኘችም፤ ከሦስት መቶ ዓመት ያህል በኋላም ራምሴስ ሣልሳዊ እንደገና መርከብ ወደ ፑንት ልኳል። ዘሩን መውሰድ እንደሚቻል፣ አገሩን መውሰድ ግን እንደማይቻል ያስተማረው የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ የዕጣን ጢስ ከቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ባሉት ቤተ መቅደሶች ይወጣ ነበር። ትግራይ ውስጥ፣ ውቅሮ አጠገብ በመቃብር ጋዕዋ፣ ለአልመቃህ አምላክ የተሠራ ቤተ መቅደስ ተቆፍሮ ወጥቷል፤ ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ8ኛው እስከ 6ኛው ክፍለ ዘመን ይገመታል። በውስጡ ጽሑፍ ያለበት መሠዊያና የዕጣን ማጨሻዎች ተገኝተዋል። አልመቃህ በባሕሩ ማዶ የሳባ ሰዎች ያመልኩት የነበረ አምላክ ነው፤ ዕጣንና አምልኮ ባሕሩን ሲሻገሩ የኖሩት አብረው ነው።

ስለ ሙጫው ከሃይማኖት ይልቅ እንደ ዕፅዋት ሊቅ የጻፈው ግሪካዊው ቴዎፍራስጦስ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ። ወደ ደቡብ ዓረብ የተጓዙ መርከበኞች የነገሩትን መዝግቧል። ግንዱ በመጥረቢያ እንደሚቆረጥ፣ ቅርንጫፉ ግን ቀለል ባለ ቁስል እንደሚደማ፣ ጠብታው ከዘንባባ በተሠራ ምንጣፍ ላይ ሲያርፍ ንጹሕ፣ መሬት ላይ ሲወድቅ ግን አፈር የነካው እንደሚሆን ይናገራል። የወጣት ዛፍ ሙጫ የበለጠ ነጭ ግን ሽታው የቀነሰ፣ ያረጀው ዛፍ ሙጫ ደግሞ ቢጫ ግን ሽታው የበረታ ነው ብሏል። የዛፉ ዕድሜ የሙጫውን ጠባይ እንደሚለውጥ ያኔም ታውቆ ነበር ማለት ነው።

በዚያው ዘመን የዕጣን ሀብት የተከማቸበት አንድ ከተማ በዛሬው የሳዑዲ ምሥራቃዊ አውራጃ ነበር፤ ስሙ ገርሃ ይባላል። ቦታው እስካሁን ያከራክራል። አንዳንዶች ከጁበይል በስተምዕራብ ባለው የሣጅ ፍርስራሽ፣ ሌሎች በዑቀይር ወይም በሁፉፍ አካባቢ ይፈልጉታል፤ ሁሉም ከደማም በመኪና ተሄዶ የሚደረስበት ነው። የገርሃ ሰዎች ዕጣን አያመርቱም ነበር፤ የዕጣን ዛፍ በዚያ በረሃ አይበቅልም። ከደቡብ ዓረብ በግመል የመጣውን ተቀብለው ወደ ባቢሎንና ወደ ሰሜን ይሸጡ ነበር። ጂኦግራፊ ጸሐፊው ስትራቦን ከሁሉ የበለጠ ባለጠጋ ከሚላቸው ሕዝቦች ጋር ይቆጥራቸዋል።

በ205 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የሴሌውቅያው ንጉሥ አንጥዮኮስ ሣልሳዊ ጦሩን ይዞ መጣባቸው። ሰላማቸውንና ነጻነታቸውን እንዳይነካ በደብዳቤ ለመኑት፤ ተቀበላቸው። ታሪክ ጸሐፊው ፖሊቢዮስ እንደሚለው ለንጉሡ 500 ታላንት ብር፣ 1,000 ታላንት ዕጣን፣ 200 ታላንት ደግሞ ስታክቴ የሚባለውን የከርቤ ዘይት ሰጡት። ታላንቱን 26 ኪሎ ያህል ብንይዘው ዕጣኑ ብቻ 26 ቶን ይሆናል። ንጉሡ ከዚያ ወደ ጢሎስ ተሻገረ፤ ዛሬ ከአል ኮበር በድልድይ ወደሚሄዱባት ባሕሬን። 1938 ላይ ደማም ቁጥር 7 ከተባለው ጉድጓድ ነዳጅ ከመውጣቱ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ይህ ጠረፍ ነጻነቱን በሙጫ ገዝቶ ነበር።

ትርፉ ሲበዛ ቁስሉም በዛ። በ1ኛው ክፍለ ዘመን ሮማዊው ፕሊኒ ዕጣን ቀድሞ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይሰበሰብ እንደነበር፣ ገበያው ሲሰፋ ግን ሁለተኛ ዙር እንደተጨመረ ጽፏል። የመጀመሪያው ቁስል በዓመቱ ትልቅ ሙቀት ልጡ ሲወጠር ይደረጋል፤ የሚገኘው ሙጫ እጅግ ነጭ ነው። ሁለተኛው በብርዱ ወራት ተቆርጦ ብርዱ ሲያልፍ ይለቀማል፤ ቀላ ያለና ከመጀመሪያው ጋር የማይወዳደር ነው። በሮም ገበያ አንደኛው ደረጃ ፓውንዱ 6 ዲናር፣ ሁለተኛው 5፣ ሦስተኛው 3 ይሸጥ ነበር። እስክንድርያ ላይ ዕጣን የሚያበጥሩ ሠራተኞች ማታ ከመውጣታቸው በፊት ራቁታቸውን ይፈተሹ እንደነበርም ይነግረናል። ቆራጩ ግን ከዋጋው ብዙም አልደረሰውም። የቀይ ባሕርን ንግድ የዘረዘረው የዚያው ዘመን የመርከበኞች መጽሐፍ፣ በደቡብ ዓረብ ዕጣን የሚለቅሙት የንጉሡ ባሮችና ለቅጣት የተላኩ ሰዎች እንደሆኑ፣ አገሩም በሽታ የሞላበት እንደሆነ ይገልጻል።

ያው መጽሐፍ ከአክሱም ወደብ ከአዱሊስ የሚወጣውን ሲዘረዝር የዝሆን ጥርስ፣ የኤሊ ቅርፊትና የአውራሪስ ቀንድ ይላል፤ የአፍሪካውን ዕጣን የሚያነሣው በሶማሌ ጠረፍ ካሉት ወደቦች ጋር ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል ለአገር ውስጡ ዕጣን አዲስና የማይቋረጥ ፈላጊ መጣለት። የሮም ጣዖት ቤቶች ሲዘጉ የሜዲትራንያን ገበያ ተቀዛቀዘ፤ በኢትዮጵያ ግን ካህኑ ጽናውን ይዞ ጸሎተ ዕጣን ማድረሱን አላቋረጠም። ቡናው ከዚያ በኋላ ከየቤቱ ሲገባ ዕጣኑን ከቤተ ክርስቲያን ወደ ረከቦቱ አጠገብ አመጣው።

በመካከለኛው ዘመን ዝናው የዞፋር ነበር፤ ዛሬ የኦማን ክፍል ነው። የባሊድ ወደብ በዕጣን ይነግድ ነበር፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ማርኮ ፖሎም የዞፋርን ነጭ ዕጣን ያወሳል። አፈርና አየር ሙጫውን እንዴት እንደሚለዩት ከዞፋር የተሻለ መማሪያ የለም። ኢትዮጵያ ክረምት በሚሆንባቸው ወራት ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው ጭጋግና ካፊያ የባሕሩን ፊት ያረሰርሰዋል፤ ከተራራው ጀርባ ግን ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ እንጂ ዝናብ አይደርስም። ዛፉ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ነው፤ ቦስዌሊያ ሳክራ። ሆኖም ከተራራው ጀርባ ካለው ደረቅ ምድር የሚወጣው ሆጀሪ ከሁሉ የላቀ ዋጋ ያወጣል፤ የባሕር ዳርቻው ዝቅ ባለ ይሸጣል። ዩኔስኮ በ2000 የዞፋርን የዕጣን ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቧል።

የኢትዮጵያ ዋና ዕጣን የሌላ ዝርያ ልጅ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ዕፅዋት ተመራማሪዎች ከሱዳንና ከሐበሻ የወሰዱትን ናሙና ሲመረምሩ፣ ልጡ እንደ ወረቀት የሚላጠውን ዛፍ ለይተው ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ የሚለውን ስም ሰጡት። የሚበቅለው በትግራይ፣ በጎንደር ቆላ፣ በቤኒሻንጉልና በአካባቢው፣ ሌላ ዛፍ በማይቋቋመው ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ነው። አጼ ዮሐንስ 4ኛ በ1889 የወደቁባት መተማ፣ ከጎረቤቷ ከቋራ ጋር፣ የዛፉ ትልቅ አገር ናት። በኦጋዴንና በቦረና ደግሞ ሌሎች የቦስዌሊያ ዝርያዎች አሉ።

የዘር ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ የተገለጠው ኬሚስቶች ሙጫውን ሲበትኑት ነው። የፓፒሪፌራ ዘይት በአብዛኛው ኦክቲል አሲቴት የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ለኢትዮጵያ ዕጣን ለየት ያለ ፍሬ ፍሬ የሚል ሽታ የሚሰጠውም ይኸው ነው። የዞፋሩ ሳክራና የሶማሌው ካርቴሪ ግን በብዛት የያዙት እንደ ጥድ የሚሸተውን አልፋ ፓይኒን ነው። በሶማሌ ሜይዲ የሚባለውና ሳዑዲዎች ለማኘክ የሚወዱት የቦስዌሊያ ፍሬሬያና ሙጫ ከሁለቱም ይለያል። በ2008 የታተመ ጥናት በዕጣን ውስጥ ያለው ኢንሴንሶል አሲቴት የአይጦችን አንጎል እንደሚነካና ፍርሃታቸውን እንደሚያበርድ አሳይቷል። ዛፉ የሚያፈሰውን የንጥረ ነገር ዓይነት የሚወስነው በዋናነት ዝርያው ነው፤ መጠኑን ግን የሚወስኑት ብዙ ናቸው።

ይህን መጠን ለማወቅ መንጋፉን መከተል ያስፈልጋል። መንጋፍ ዕጣን ለቃሚው ልጡን የሚፍቅበት ስለት ነው። ዝናቡ ቆሞ ዛፉ ቅጠሉን ሲያረግፍ፣ በጥቅምት ገደማ፣ በግንዱ ዙሪያ ትንንሽ ቁስሎች ይከፍታል። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ያንኑ ቁስል ያሰፋዋል፤ ሙጫውንም ይለቅማል። ዝናብ እስኪመጣ ድረስ ይህ 8፣ 10፣ አንዳንዴም 12 ጊዜ ይደጋገማል። የተለቀመው በሴቶች እጅ እየተበጠረ በመጠንና በቀለም ደረጃ ይወጣለታል፤ ትልቁና ነጩ አንደኛ ይሆናል። በደርግ ዘመን ንግዱን የመንግሥት ድርጅት ይመራው ነበር፤ ከ1991 በኋላ የግል ኩባንያዎችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ገቡበት፤ ፉክክሩም በረታ።

ሳይንሱ በቁም ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ2003 ሙሉጌታ ለምንህና ደመል ተክታይ የኢትዮጵያን የዕጣንና የከርቤ ሀብት በሰፊው የዳሰሰ ጽሑፍ አወጡ። በዚያው ዓመት ክንደያ ገብረ ሕይወት በትግራይ የዕጣን ደን ላይ የዶክትሬት ጥናቱን ጨረሰ። በ2006 ደግሞ ከኤርትራ አንድ የሚያስደነግጥ ውጤት ታተመ። መንጋፍ ካልነካቸው ዛፎች የተገኘው ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ በብርቱ ከተፋቁት የተገኘው ግን የበቀለው 16 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር። ዛፉ ለሙጫ ያወጣውን ስንቅ ለዘሩ የሚያውለው አጥቷል ማለት ነው።

የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች በመተማና በአበርገሌ የሠሩት ሥራ ምክንያቱን አብራራው። ዛፉ ሙጫ የሚያፈሰው ቅጠል በሌለው ወቅት ስለሆነ የሚኖረው በክረምት ባከማቸው ስንቅ ነው፤ ተደጋግሞ የተፋቀ ዛፍ በግንዱ የሚያስቀምጠው ስንቅ ይቀንሳል። አበጀ እሸቴ በሁለቱ ሥፍራዎች የቁስሉን ቁጥር እየለዋወጠ ሲለካ፣ ምርቱ እስከ 9 ቁስል ይጨምራል፤ ወደ 12 ቢወጣ ግን የሚጨምረው ዛፉ ላይ ያለው ጉዳት እንጂ ሙጫው አይደለም። ትልቅ ዛፍ ከትንሽ ዛፍ ይበልጥ ይሰጣል፤ ሆኖም የግንዱ ውፍረት 20 ሴንቲ ሜትር ካለፈ በኋላ ትርፉ ይቆማል። ሞቱማ ቶሌራና ባልደረቦቹ በ2013 ልጡን በማጉያ መነጽር ሲያዩት፣ ሙጫውን የሚሠሩትና የሚያመላልሱት ቀጫጭን ቧንቧዎች እርስ በርስ የተያያዙ መረብ ሆነው ተገኙ። ሕያው ሆኖ የሚሠራው መረብ ግን በውስጠኛው 6.6 ሚሊ ሜትር ያህል የተወሰነ ነው፤ ወደ ውጭ ያሉት ቧንቧዎች ደርቀዋል። መንጋፉ ከዚያ ከደረሰ ብዙ ያገኛል፤ ካለፈ ግን ዛፉ የሚያድግበትን ሽፋን ይቆርጣል። የእጅ ብልሃት የሚባለው በእነዚህ ጥቂት ሚሊ ሜትሮች ውስጥ ያለው ነው።

በጥናቱ ሁሉ ግን አንድ ነገር ሳይፈታ ቀረ። በአንድ ተዳፋት፣ በአንድ ውፍረት፣ በአንድ እጅ የተፋቁ ሁለት ዛፎች የሚሰጡት ሙጫ እጅግ ይራራቃል። ይህን በአፈር ብቻ ማስረዳት አይቻልም፤ የዘር ጥያቄ ይነሣል። በ2015 ተመራማሪዎች የፓፒሪፌራን የዘር ምልክቶች ለይተው አወጡ፤ በቀጣዩ ዓመትም በኢትዮጵያ 12 ሥፍራዎች የቆሙትን ዛፎች አወዳደሩ። የአንዱ አካባቢ ዛፍ ከሌላው በዘሩ ይለያል፤ የዘሩም ስፋት ገና አልጠፋም። ነገር ግን ይህ ስፋት የተጠራቀመው በአረጁት ዛፎች ነው። ሙጫ አብዝቶ የሚሰጠውን ዘር ከአፈሩ ለይቶ ለማወቅ ወላጆቻቸው የታወቁ ችግኞችን በአንድ ማሳ ላይ አሳድጎ፣ ለመንጋፍ እስኪደርሱ ብዙ ዓመት ጠብቆ ማወዳደር ያስፈልጋል። ችግሩ ግን ችግኙ አለመኖሩ ነው።

ችግኙ እንደሌለ ያሳየው የዛፎቹ ግንድ ራሱ ነው። የዕድገት ቀለበታቸውን የቆጠሩ ሰዎች መተማ ውስጥ ለምለም ተራራ በተባለው ቦታ ከግማሽ ክፍለ ዘመን ወዲህ ተተኪ ዛፍ እንዳልወጣ አገኙ። በ2011 መጨረሻ የወጣ የመተማ ጥናት፣ ሁኔታው ካልተለወጠ ምርቱ በ15 ዓመት በግማሽ፣ የዛፉ ቁጥር ደግሞ በ50 ዓመት ውስጥ በ90 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል አሰላ። በ2019 ፍራንስ ቦንገርስና ባልደረቦቹ ጥናቱን ወደ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ሱዳን አስፍተው በ23 ሥፍራዎች ከ20,000 በላይ ዛፎች ሲቆጥሩ፣ ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት ትንንሽ ዛፍ አልተገኘም።

ቡቃያውን የሚያጠፋው ከብትና እሳት ነው፤ ትልቁን ዛፍ የሚገድለው ደግሞ ግንዱን እየቦረቦረ የሚገባ ጥንዚዛ ነው፤ በመንጋፍ የደከመ ዛፍም ለእሱ ይመቸዋል። ከ2003 ጀምሮ በመተማና በቋራ ሰፋሪዎች መጡ፤ የሰሊጥ እርሻም ወደ ደኑ ገባ። ሰሊጥ በዓመቱ ገንዘብ ይሆናል፤ የዕጣን ችግኝ ግን ለለቀማ የሚደርሰው በተከለው ሰው ልጅ ዘመን ነው። ከ2020 እስከ 2022 የትግራይ ጦርነት፣ ከዚያም በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት፣ የዕጣን አገሮቹን ለተመራማሪም ለጠባቂም አስቸጋሪ አደረጓቸው።

መድኃኒቱ ግን ተነግሯል። ደኑን ለተወሰኑ ዓመታት ከከብትና ከእሳት መከለል፣ ዛፉን ለጥቂት ዓመታት ማሳረፍ፣ ቁስሉን ከ9 አለማሳለፍ፣ ከሚያፈሩት ዛፎች ዘርና ቅርንጫፍ ወስዶ መትከል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ገንዘቡ ያለው ደግሞ በገዢው እጅ ነው። ከገርሃ ነጋዴ እስከ ዛሬው ላኪ ድረስ የዕጣን ንግድ ለሙጫው እንጂ ለዛፉ ብዙም አልከፈለም። ሐትሼፕሱት ዛፉን ይዛ አገሩን አጣች፤ እኛ አገሩን ይዘን ዛፉን ልናጣ ነው። የኢትዮጵያ ዕጣን ላኪዎችና ማኅበራት ከእያንዳንዱ ኩንታል ዋጋ ላይ ለችግኝና ለአጥር የሚሆን ድርሻ እንዲቆርጡ ሕግ ማስገደድ አለበት፤ በደማምም ሆነ በአዲስ አበባ ዕጣን የምንገዛ ሁሉ ያን ድርሻ ጨምረን ለመክፈል ፈቃደኞች መሆን ይገባናል።